የሚጥል በሽታ ሕክምና፡ ከቡታጅራው ቆጠራ እስከ ጤና ጣቢያው መዝገብ

ከአዲስ አበባ ወደ ጅማ በሚወስደው አውራ ጎዳና 150 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘው ወልቂጤ የጉራጌ ዞን መቀመጫ እንደመሆኗ በዙሪያዋ ካሉ ወረዳዎች ሕክምና ፈላጊዎች በብዛት ይመጡባታል። ወባ የያዘው፣ ምጥ የጠናባት፣ አጥንቱ የተሰበረ ሁሉ በቃሬዛም ይሁን በባጃጅ ወደ ጤና ተቋም ይደርሳል። በሚጥል በሽታ የሚሰቃይ ሰው ግን በወረፋው ላይ የመታየት ዕድሉ አነስተኛ ነው። ሕመሙ ሲነሳ ታማሚው ራሱን ስለሚስት የትም ሊሄድ አይችልም፤ ከደቂቃዎች በኋላ ሲለቀው ደግሞ ተነስቶ ወደ ሥራው ይመለሳል። የሚታከም ነገር የሌለ እየመሰለ ወር በወር፣ ዓመት በዓመት ይተካል።

በሽታው በጤና አስተዳደሩ ዘንድ የያዘው ቦታም ከዚሁ ጠባዩ ጋር ይመሳሰላል። ወረርሽኝ ስላልሆነ አስቸኳይ ስብሰባ አይጠራለትም፤ ክትባት ስለሌለው ዘመቻ አይታወጅለትም። ይሁን እንጂ በአገሪቱ የሚጥል በሽታ ስፋት በጥንቃቄ ተቆጥሮ የታወቀው ሌላ ቦታ ሳይሆን እዚሁ በጉራጌ ምድር፣ ከወልቂጤ በስተምሥራቅ ከተራራው ማዶ በምትገኘው በቡታጅራ አካባቢ ነው።

የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ፋኩልቲ ከስዊድኑ ኡሜዎ ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር በ1979 ዓ.ም የቡታጅራ የገጠር ጤና ፕሮግራምን ማቋቋሙ ይታወሳል። ፕሮግራሙ በአንድ የከተማና በዘጠኝ የገጠር ቀበሌዎች ልደትን፣ ሞትንና ፍልሰትን ቤት ለቤት እየዞረ ይመዘግብ ነበር። በዚያው ዘመን በፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖት የተመራ ቡድን በወቅቱ መስቃንና ማረቆ ይባል በነበረው ወረዳ 60 ሺህ 820 ሰዎችን ያካተተ የነርቭ በሽታዎች ጥናት አካሂዶ ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ1990 ይፋ አድርጓል። አሠራሩ ቀላልና ጥብቅ ነበር። በመጀመሪያ የሠለጠኑ ጠያቂዎች በየቤቱ እየገቡ ስለ ምልክቶቹ ይጠይቃሉ፤ ቀጥሎም ምልክት ያሳየውን ሰው ሐኪም ይመረምረዋል።

በዚህ መንገድ 316 ሰዎች የሚጥል በሽታ እንዳለባቸው ተረጋገጠ። ይህም ከ1 ሺህ ሰዎች 5.2 ማለት ነው። ከፍተኛው ቁጥር የታየው ከ10 እስከ 19 ዓመት ባለው የዕድሜ ክልል፣ ማለትም ትምህርት ቤት መዋል በሚገባቸው ልጆችና ወጣቶች ላይ ነው። በቀጣይ ዓመታት የተደረገው ክትትል ደግሞ በየዓመቱ ከ100 ሺህ ሰዎች 64 ያህሉ በበሽታው እንደ አዲስ እንደሚያዙ አሳይቷል። ከሁሉም በላይ ልብ ሊባል የሚገባው ግን ስለ ሕክምናው የተገኘው ነው። ከተለዩት ታማሚዎች መካከል ተገቢውን ፀረ ሚጥል መድኃኒት ወስደው የሚያውቁት 1.6 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ ከ316ቱ አምስት ሰዎች ያህል መሆናቸው ነው። አብዛኞቹ የሄዱት ወደ ባህል መድኃኒት፣ ወደ ጠበልና ወደ ክታብ ነበር። 8.5 በመቶ የሚሆኑት ደግሞ የእሳት ቃጠሎ ጠባሳ ነበረባቸው። በጉራጌ ባህላዊ ቤት ምድጃው ወለሉ ላይ እንደሚገኝና ቤተሰቡም በዙሪያው ተሰብስቦ እንደሚያመሽ ለሚያውቅ ሰው ይህ አኃዝ ብዙ ማብራሪያ አያሻውም።

ጥናቱ ሌሎች የነርቭ ሕመሞችንም ለክቷል። ፓርኪንሰን ከ100 ሺህ ሰዎች በሰባት ያህል ላይ ሲገኝ፣ የስትሮክ ጉዳት ያለባቸው ደግሞ ከ100 ሺህ 15 ያህል ነበሩ። እነዚህ በዕድሜ መግፋትና በደም ግፊት የሚበረቱ በመሆናቸው በያኔው ወጣት የገጠር ሕዝብ ዘንድ ማነሳቸው የሚጠበቅ ነው፤ ዛሬ ከተሞች እየሰፉና ዕድሜ እየጨመረ ሲሄድ ሥዕሉ ያው ይሆናል ብሎ ማሰብ አይቻልም። ከሚጥል በሽታ ቀጥሎ ተጠቃሽ የነበረው በፖሊዮ ምክንያት የሚመጣው ሽባነት ሲሆን፣ ስፋቱም ከ1 ሺህ ሰዎች 2.4 ነበር።

የሁለቱ በሽታዎች ዕጣ ከዚያ ወዲህ ተለያይቷል። ፖሊዮን ለማጥፋት ቤት ለቤት ክትባት ተሰጥቷል፤ ቅኝት ተዘርግቷል፤ ከሚኒስትር እስከ ቀበሌ ሊቀመንበር ድረስ ተሳትፎበታል። በኢትዮጵያ የመጨረሻው የተፈጥሮ ፖሊዮ ቫይረስ ሕመምተኛ የተመዘገበው እ.ኤ.አ. በጥር 2014 ሲሆን፣ አፍሪካም በነሐሴ 2020 ከዚሁ ቫይረስ ነፃ መሆኗ ተረጋግጧል። የሚጥል በሽታ ግን በያኔው ቦታው ላይ ነው። ልዩነቱ የገንዘብ ብቻ አይደለም። የጤና መዋቅሩ ለዘመቻ የሚሆን ክንድ አለው፤ ሰው ያንቀሳቅሳል፣ ቀን ይቆርጣል፣ ውጤቱንም በሳምንት ውስጥ ሪፖርት ያደርጋል። የሚጥል በሽታ የሚጠይቀው ደግሞ የዚህን ተቃራኒ ነው፤ ለአንድ ሰው በየማታው አንድ ክኒን፣ ያለማቋረጥ፣ ለዓመታት።

የምርመራው ጉዳይ ብዙ ጊዜ እንደ ዋና መሰናክል ይነሳል። በአገሪቱ የነርቭ ሐኪሞች ቁጥር አነስተኛ መሆኑ፣ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም የነርቭ ስፔሻሊስቶችን ማሠልጠን የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2006 መሆኑ፣ የአንጎልን የኤሌክትሪክ እንቅስቃሴ የሚለካው የኢኢጂ መሣሪያም ከትልልቅ ከተሞች አለመውጣቱ እንደ ምክንያት ይቀርባል። እውነትነት አለው፤ ነገር ግን ለአብዛኛው ታማሚ ወሳኙ መሣሪያው አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት ስፔሻሊስት ለሌለባቸው ጤና ተቋማት ያዘጋጀው መመሪያ እንደሚያስረዳው፣ የሚጥል በሽታ በዋናነት የሚታወቀው በታሪኩ ነው። በትኩሳት፣ በደም ስኳር ማነስ፣ በመጠጥ መቋረጥ ወይም በሌላ ድንገተኛ ምክንያት ያልመጣ መንቀጥቀጥ ሁለት ጊዜና ከዚያ በላይ መከሰቱ ከተረጋገጠ ሕክምና ሊታሰብ ይገባል።

በመሆኑም ቁልፉ ምስክር ታማሚው ሳይሆን ሲወድቅ ያየው ሰው ነው። ታማሚው ራሱን ስቶ ስለነበር የሚያስታውሰው ነገር የለም። እናት፣ ባለቤት ወይም የክፍል ጓደኛ ግን ሊመሰክር ይችላል፤ በድንገት ነው የወደቀው ወይስ ብዥ እያለበት? እጅና እግሩ ገትሮ ተንቀጥቅጧል? ምላሱን ነክሷል? ሽንት አምልጦታል? ከነቃ በኋላ ለምን ያህል ጊዜ ግራ ተጋብቶ ቆየ? በረሃብ ወይም ለረጅም ጊዜ በመቆም ራስን መሳት በዝግታ የሚመጣና ቶሎ የሚለቅ ሲሆን፣ የሚጥል በሽታ ግን በአብዛኛው ድንገተኛ ሆኖ ድካምና ግራ መጋባት አስከትሎ ያልፋል። መላ ሰውነትን የማይጥል፣ አንድን እጅ ብቻ የሚያንቀጠቅጥ ወይም ለሰከንዶች ዓይንን አፍጥጦ የሚያስቀር ዓይነትም ስላለ፣ ስሙ «የሚጥል» ቢሆንም የማይጥለውንም መጠየቅ ያስፈልጋል። ዛሬ በየቤቱ የሞባይል ስልክ በመኖሩ የአንድ ደቂቃ ቪዲዮ ለጤና መኮንኑ ከብዙ ቃል ይልቅ ይጠቅመዋል። ነርሷ ታማሚው ብቻውን ሲመጣ «የሚያውቅ ሰው ይዘህ ተመለስ» ማለቷ እንግዲህ ማንገላታት አይደለም፤ ምርመራው እሱ ነውና።

ሕክምናውም ቢሆን አዲስ አይደለም። ፌኖባርቢታል ለሚጥል በሽታ ማገልገል ከጀመረ እ.ኤ.አ. ከ1912 ወዲህ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ዋጋውም ከመሰሎቹ ሁሉ ዝቅተኛው ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለአንድ ሰው የዓመት መድኃኒት እስከ 5 የአሜሪካ ዶላር ዝቅ ባለ ወጪ ሊሸፈን እንደሚችልና በአግባቡ ከታከሙ እስከ 70 በመቶ የሚሆኑት ታማሚዎች ከመውደቅ ነፃ ሆነው መኖር እንደሚችሉ ይገልጻል። ካርባማዜፒን፣ ፌኒቶይንና ቫልፕሮዬት የተባሉትም እንደ ሕመሙ ዓይነት ይታዘዛሉ። እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ አለ። ቫልፕሮዬት በፅንስ ላይ ከባድ ጉዳት ሊያደርስ ስለሚችል ድርጅቱ እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው መመሪያ ልጅ መውለድ በሚችሉበት ዕድሜ ላይ ለሚገኙ ሴቶችና ልጃገረዶች እንዳይሰጥ መክሯል። ነፍሰ ጡር የሆነች ታማሚ ግን የምትወስደውን መድኃኒት በራሷ ውሳኔ ማቆም የለባትም፤ ለውጡ በባለሙያ ክትትል መሆን ይኖርበታል።

አደጋው ያለው በመቋረጡ ላይ ነው። ለስኳር ወይም ለደም ግፊት የሚሰጥ መድኃኒት ለሳምንት ቢጠፋ ጉዳቱ ወዲያው ላይታይ ይችላል። ፌኖባርቢታል በድንገት ሲቆም ግን መንቀጥቀጡ ከቀድሞው በርትቶ ሊመለስ፣ ያለ ዕረፍት እየደጋገመም ታማሚውን ለሞት ሊያበቃ ይችላል። መድኃኒቱን ለማቆም የሚታሰበው ታማሚው ቢያንስ ለሁለት ዓመት ሳይወድቅ ከቆየ በኋላ፣ ያውም መጠኑን ቀስ በቀስ በመቀነስ ነው። ስለሆነም ለሦስት ወር መድኃኒት ሰጥቶ በአራተኛው «አልቋል» የሚል ጤና ጣቢያ ምንም ካልሰጠው በከፋ ሁኔታ ታማሚውን ሊጎዳው ይችላል።

መድኃኒቱ የሚያልቀው ለምንድን ነው? መልሱ በከፊል በአሠራሩ ውስጥ ይገኛል። በአገሪቱ በተዘረጋው የተቀናጀ የመድኃኒት ሎጂስቲክስ ሥርዓት መሠረት ጤና ጣቢያዎች በየሁለት ወሩ የሪፖርትና የጥያቄ ቅጽ ሞልተው ይልካሉ፤ የሚላክላቸውም መጠን የሚሰላው ባለፉት ሁለት ወራት ከተጠቀሙት ተነስቶ ነው። ይህ ስሌት ለአብዛኛው መድኃኒት የሚሠራ ቢሆንም ለሚጥል በሽታ ግን ወጥመድ አለው። መድኃኒት ለአንድ ወር ከጠፋ የተመዘገበው ፍጆታ ይቀንሳል፤ ባዶ እጃቸውን የተመለሱ ታማሚዎችም በሚቀጥለው ወር አይመጡም፤ ቅጹን የሚሞላው ባለሙያ የወረደውን ቁጥር ሲያይ ያነሰ ይጠይቃል፤ ያነሰ ይላክለታል። መጨረሻ ላይ መደርደሪያው ላይ የቀረው ጥቂት ክኒን ለጥቂት ሰው በቂ ስለሚሆን በወረቀት ላይ እጥረት የለም ይባላል። ሥርዓቱ መድኃኒት ያጣባቸው ቀናት በስሌቱ እንዲታረሙ ይፈቅዳል፤ ጥያቄው ማን አስተዋለው ነው።

ሌላም ነገር አለ። ፌኖባርቢታል እ.ኤ.አ. በ1971 በወጣው የሥነ አእምሮ ንጥረ ነገሮች ዓለም አቀፍ ስምምነት መሠረት ቁጥጥር ከሚደረግባቸው መድኃኒቶች አንዱ ነው። በመሆኑም በልዩ የማዘዣ ወረቀት ይታዘዛል፣ ተቆልፎ ይቀመጣል፣ ለብቻው ይመዘገባል። ቁጥጥሩ ተገቢ ነው። ነገር ግን ልዩ የማዘዣ ወረቀቱ ሲያልቅ መድኃኒቱ ቁም ሳጥን ውስጥ ተቀምጦ ታማሚው ሊመለስ እንደሚችል፣ የቁልፉ ኃላፊ ለስብሰባ ወይም ለዓመት ፈቃድ ሲሄድም እንዲሁ እንደሚሆን ከወረዳ እስከ ዞን ያለ የሥራ ኃላፊ ሊያስብበት ይገባል። ወረቀት ማሳተም የሐኪም ሙያ አይጠይቅም።

ስፔሻሊስት በሌለበት ሕክምናውን መስጠት ይቻላል ወይ ለሚለው ጥያቄ መልስ የተሰጠውም በዚሁ በጉራጌ ነው። ቡኢ ከተማን መቀመጫው ባደረገው የሶዶ ወረዳ እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከጤና ጥበቃ አካላት ጋር በመሆን ፕራይም የተሰኘ መርሐ ግብር አካሂደዋል። መርሐ ግብሩ ከኢትዮጵያ ሌላ በሕንድ፣ በኔፓል፣ በደቡብ አፍሪካና በኡጋንዳም የተካሄደ ሲሆን፣ ዓላማው የአእምሮ ሕመሞችንና የሚጥል በሽታን ሕክምና በመደበኛው የጤና ጣቢያ አገልግሎት ውስጥ ማካተት ነበር። ነርሶችና ጤና መኮንኖች በዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ ሠልጥነው ታማሚዎችን መለየትና መድኃኒት ማዘዝ ጀመሩ፤ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች ደግሞ በየቀበሌው ያሉትን እየጠቆሙ ላኩ። ቀድሞ ወደ ቡታጅራ ሆስፒታል ወይም ወደ አዲስ አበባ መጓዝ ግድ የነበረበት ሰው በአቅራቢያው መታከም ቻለ።

ከዚህ ልምድ የተገኙት ችግሮችም ቢሆኑ ከስኬቱ ያልተናነሰ ትምህርት አላቸው። የመድኃኒት መቆራረጥ፣ ከሩቅ ቀበሌ የመምጣት ድካምና ወጪ፣ የሠለጠነ ባለሙያ ወደ ሌላ ቦታ መዛወር በተደጋጋሚ ተነስተዋል። ታማሚ ሲሻለው መቅረቱም አንዱ ነው። ይህ የመጨረሻው ከግንዛቤ ጉድለት ብቻ የሚመጣ አይደለም። ከቀበሌው ጤና ጣቢያ ደርሶ ለመመለስ የቀን ሥራውን የሚተው ገበሬ፣ እንሰት መፋቅ ላይ ያለች እናት፣ መውደቁ ካቆመ ስድስት ወር ሆኖት ሳለ በየወሩ መምጣት ለምን እንዳስፈለገ ቢጠይቁ ጥያቄያቸው አግባብ ነው። የተረጋጋ ታማሚ የሁለት ወይም የሦስት ወር መድኃኒት በአንድ ጊዜ እንዲወስድ ማድረግ ጉዞውን በግማሽና ከዚያ በላይ ይቀንሳል፤ ይህ ደግሞ የሚቻለው በመደርደሪያው ላይ የሚሰጥ ሲኖር ነው።

ከቡታጅራው ቆጠራ የተገኘው 5.2 የሚለው ቁጥር ለአስተዳደር ሥራ የሚሰጠው ጥቅም እዚህ ላይ ይታያል። 100 ሺህ ሕዝብ ያለው አንድ ወረዳ ይታሰብ። በዚህ ስሌት 520 ያህል ሰዎች የሚጥል በሽታ ይኖርባቸዋል ማለት ነው። የዓለም የጤና ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ2022 ያጸደቀውና እስከ 2031 የሚዘልቀው ስለ ሚጥል በሽታና ሌሎች የነርቭ ሕመሞች የድርጊት መርሐ ግብር ካስቀመጣቸው ግቦች አንዱ የሚጥል በሽታ አገልግሎት ሽፋንን በ2021 ከነበረበት በ50 በመቶ ማሳደግ ነው። መርሐ ግብሩ የሚያሳየው አቅጣጫም ከታማሚዎች 90 በመቶው ሕመማቸው ሊታከም የሚችል የአንጎል ችግር መሆኑን እንዲያውቁ፣ 80 በመቶው መድኃኒት እንዲያገኙ፣ ከሚታከሙት 70 በመቶው እንዲረጋጉ ነው። ሦስቱ ደረጃዎች እርስ በርስ ከተባዙ በምሳሌው ወረዳ 468 ሰዎች ያውቃሉ፣ 374ቱ መድኃኒት ያገኛሉ፣ 262ቱ መውደቅ ያቆማሉ። ግቡ ሙሉ በሙሉ ቢሳካ እንኳ ውጤቱ ከግማሽ ብዙም አይበልጥም ማለት ነው።

እነዚህን ቁጥሮች በጤና ጣቢያዎቹ የከረሙ ሕመሞች መዝገብ ላይ ካለው ጋር ማነጻጸር የአንድ ከሰዓት በኋላ ሥራ ነው። በወረዳው 520 ሰው የሚጠበቅ ከሆነና በመዝገቡ ላይ 40 ስም ካለ፣ ቀሪዎቹ 480 ሰዎች የት እንዳሉ መጠየቅ ይቻላል። 374 ሰዎች በየማታው አንድ ክኒን ቢወስዱ በወር ከ11 ሺህ 200 በላይ ክኒን ያስፈልጋል። የጥያቄ ቅጹ ላይ የተሞላው 1 ሺህ ከሆነ ልዩነቱ ያለ ማብራሪያ ሊታለፍ አይገባም። ከዚህም ባሻገር መዝገቡ ላይ ስማቸው ካለው ውስጥ ባለፈው ወር ስንቱ መጥተዋል የሚለው ጥያቄ፣ አዲስ ስንት ታማሚ ተመዘገበ ከሚለው የተለመደ ጥያቄ ይበልጥ የሥራውን ጤንነት ያሳያል።

ታማሚዎቹን ለማግኘት የእምነት ተቋማትንና የባህል ሐኪሞችን ማለፍ አይቻልም። በቡታጅራ አካባቢ በተካሄደው የአመለካከት ጥናት ነዋሪው በሽታው በሚወድቅበት ጊዜ በሚወጣ ትንፋሽና ምራቅ ይተላለፋል ብሎ ይፈራ እንደነበር ተመልክቷል። በዚህም ምክንያት የወደቀን ሰው ከእሳት ለማውጣት እንኳ የሚያመነታ አለ። ክብሪት ጭሮ ጭሱን ማሽተት በብዙ አካባቢዎች የተለመደ ነው፤ ሕመሙ በአብዛኛው ከጥቂት ደቂቃዎች በኋላ በራሱ ስለሚያቆም ክብሪቱ ያነቃው ይመስላል። ጠበል የሚሄደውን ሰው ጠበሉን ተው ማለት ግን ሰውየውንም መድኃኒቱንም ማጣት ነው። ሁለቱን ጎን ለጎን ማስኬድ እንደሚቻል ካህኑ፣ ሼኩና የአገር ሽማግሌው ሲናገሩት ከነርሷ ቃል ይልቅ ይደመጣል። በሰባት ቤት ጉራጌ የጆካን የመሰለ ተሰሚነት ያለው የሽምግልና ሥርዓት ባለበት ይህን መልእክት የሚያደርስ አካል ጠፍቶ አይደለም።

የበዓላት ወቅትም ሊታሰብበት የሚገባ ነው። እንቅልፍ ማጣትና መጠጥ መንቀጥቀጥን ከሚቀሰቅሱት መካከል ናቸው። በመስቀልና በአረፋ ሰሞን ከአዲስ አበባና ከሌሎች ከተሞች ወደ ትውልድ ቀዬው የሚጎርፈው ሰው ብዙ ነው፤ ሌሊቱ በጨዋታ ያልፋል፣ መድኃኒቱ በሻንጣ ይረሳል፣ ጤና ጣቢያውም በበዓል ሠራተኛ ይሳሳል። ከመስከረም አጋማሽ በፊት ለተመዘገቡ ታማሚዎች የሁለት ወር መድኃኒት ማደል አዲስ በጀት የሚጠይቅ ሥራ አይደለም።

የዓለም ጤና ድርጅት ከበሽታው 25 በመቶ ያህሉን መከላከል እንደሚቻል ይገምታል። በወሊድ ጊዜ የሚደርስ የኦክስጅን እጥረት፣ የማጅራት ገትርና ሌሎች የአንጎል ኢንፌክሽኖች፣ የጭንቅላት ጉዳት ከመንስኤዎቹ ይጠቀሳሉ። ከወልቂጤ ወደ ጅማ ሲወረድ ያለው የግቤ ሸለቆ ወባማ ነው፤ ወደ አንጎል የሚወጣ ወባ ከሞት ያመለጠውን ሕፃን ለዓመታት ለሚዘልቅ የሚጥል በሽታ ሊዳርገው ይችላል። ስለዚህ በጤና ተቋም የሚፈጸም ወሊድና በጊዜ የታከመ ወባ በነርቭ ሕመም ሪፖርት ውስጥ ባይቆጠሩም ድርሻ አላቸው።

ነሐሴ 2015 ዓ.ም የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል ከተመሠረተ ወዲህ ቀድሞ በአንድ ዞን ይተዳደሩ የነበሩት ወልቂጤና ቡታጅራ በሁለት ዞኖች ሥር ሆነዋል፤ ወልቂጤ የጉራጌ ዞን፣ ቡታጅራ የምሥራቅ ጉራጌ ዞን መቀመጫዎች ናቸው። የ1979ኙ ፕሮግራምም ሆነ የሶዶው ልምድ ያሉት በምሥራቁ በኩል ነው። መዋቅር ሲከፈል ጠረጴዛና ተሽከርካሪ ይቆጠራል፣ ይካፈላል፤ የሥራ ልምድ ግን በርክክብ ሰነድ ላይ ቦታ የለውም። ከዘቢዳር ተራራ ማዶ የተገኘው ዕውቀት ወደ ቸሃ፣ ወደ እዣና ወደ እነሞር ጤና ጣቢያዎች እንዲሻገር ቡኢ ላይ ያከሙ ነርሶችና ጤና መኮንኖች ለሳምንታት መጥተው ጎን ለጎን ቢሠሩ፣ በአዳራሽ ከሚሰጥ የሦስት ቀን ሥልጠና ይልቅ ሊጠቅም ይችላል። በምዕራቡ በኩልም መነሻ የሚሆን አቅም አለ። እ.ኤ.አ. በ1969 የተቋቋመው የአጣጥ ሆስፒታል በገጠር ጤና ሥራ የቆየ ስም ያለው ሲሆን፣ በ2004 ዓ.ም ሥራ የጀመረው ወልቂጤ ዩኒቨርሲቲም የጤና ባለሙያዎችን ያስተምራል። የቡታጅራው ዓይነት ቤት ለቤት ቆጠራ በምዕራብ ወረዳዎች ቢካሄድ ለተማሪዎቹ የመስክ ትምህርት፣ ለዞኑም የዕቅድ መነሻ ይሆናል።

ከጤና መሥሪያ ቤቶች ውጭ ያሉትም ድርሻ አላቸው። በሽታው በብዛት የሚታየው በተማሪነት ዕድሜ ከሆነ መምህሩ ቀዳሚው ምስክር ነው። ልጅ ሲወድቅ በአፉ ማንኪያም ሆነ እንጨት አለመክተት፣ እጅና እግሩን በኃይል አለመያዝ፣ በአካባቢው ያለውን ስለታም ነገርና እሳት ማራቅ፣ መንቀጥቀጡ ሲያቆም በጎኑ ማስተኛት፣ ሰዓት መመልከት። ከአምስት ደቂቃ ካለፈ ወይም ሳይነቃ ከደገመው ወደ ጤና ተቋም መወሰድ አለበት። ከዚያ ወዲያ ልጁ ወደ ክፍሉ ይመለሳል፤ ወደ ቤቱ እንዲቀር መምከር ሕክምና አይደለም። በመንግሥት መሥሪያ ቤትም ቢሆን መድኃኒቱን የሚወስድ ሠራተኛ ከሾፌርነት፣ ከከፍታ ላይ ሥራና ከሌሊት ተረኝነት ውጭ ባሉ መደቦች ላይ ከሌላው እኩል መሥራት ይችላል። በየወሩ ግማሽ ቀን ለክትትል ፈቃድ ሲጠይቅ ምክንያቱን በቢሮው ፊት እንዲያስረዳ ማስገደድ ሠራተኛው ሕመሙንም ክትትሉንም እንዲደብቅ ያደርገዋል።

የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች ለእያንዳንዱ ቤተሰብ ማኅደር ይይዛሉ። በሚቀጥለው የቤት ለቤት ጉብኝት «ከቤተሰቡ መካከል በድንገት ወድቆ የሚንቀጠቀጥ አለ? መድኃኒት ይወስዳል? ካቆመ መቼ አቆመ?» የሚሉ ሦስት ጥያቄዎች ቢጨመሩ መልሱ በየቀበሌው ተሰብስቦ በወረዳው ሊደመር ይችላል። ከቀጣዩ የሁለት ወር የመድኃኒት ጥያቄ ቅጽ በፊት ያ ድምር በጤና ጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ ጠረጴዛ ላይ ከደረሰ፣ ቅጹ ባለፈው ፍጆታ ሳይሆን በሰዎቹ ቁጥር ይሞላል።